ገመድ ያዡ

ግንቦት ዐሥራ ስድስት ቅዳሜ ዋለች። ታዲዎስ ገና ጎህ ሲቀድ ከቂርቆስ ተነሥቶ፣ ሁለቱን ውሾች፣ ዳኛውን በቀኝ ቡላን በግራ ይዞ፣ ካዛንቺስ ድሮ የእነ ጋሽ ኃይለማርያም ሰፈር መግቢያ የነበረበት ቦታ መጥቶ ቆመ። መግቢያው የለም። ዳቦ ቤቱ የለም፤ የጀማነሽ ሱቅም የለም። ዳር እስከ ዳር የቆርቆሮ አጥር ተገትሯል፤ ከአጥሩ ወዲያ የክሬን አንገት ይታያል። ማታ በስልክ «የት እንገናኝ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ጋሽ ኃይለማርያም «እዚያው ነዋ!» ነበር ያሉት። «እዚያው» የሚባለው ቦታ ከፈረሰ ወራት አልፈዋል፤ ግን ማን ደፍሮ ያስታውሳቸዋል?

ታዲዎስ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ቡልጋሪያ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ ሞተር በጆሮው የሚመረምር መካኒክ ነው። ማንም አላስተማረውም፤ ቆሞ ሲያዳምጥ፣ ሲያዳምጥ ነው የገባው። መኪናውን አስነሥተው ሲያቀርቡለት ዐይኑን ጨፍኖ ጥቂት ይቆምና «ኩሽኔታ ነው» ይላል፤ ሲፈታ ኩሽኔታ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጆሮ የተሰጠው ሰው ዐሥራ ሰባት ዓመት አብሮት የተራመደውን ሰው ሳይሰማ መኖሩ ነው ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የነሣው።

ዛሬ ሊነግራቸው ነው የወጣው። አጥፍተናል ብሎ ይቅርታ ሊጠይቅ፣ የማኅበሩን ጽዋ ይቀበሉን ብሎ ሊለምናቸው። ዛሬ ካልሆነ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው በሚወጡት ጋራ ላይ ሌላ ቀን የለም። የጋሽ ኃይለማርያም ጉልበት ለሐምሌ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተይዞለታል፤ ሐኪሙም «ከዚህ በኋላ ዳገት የሚባል ነገር እርም ይበሉ» ብሏቸዋል። በስልክ የሚባል ነገር አይደለም። የበደሏቸው እዚያ ላይ ነው፤ መባል ያለበትም እዚያ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ዐሥራ ሰባት ዓመት አስመላሽ የሚባል የካዛንቺስ ሰው፣ ሙያው ቀያሽነት፣ ስኳር አለብህ፣ በእግርህ ሂድ ተባለ። እሱ ደግሞ «ሥራ እንዳጣ ሰው ብቻዬን ስዞር ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ ውሻውን አስከትሎ ወጣ። ውሻ ያስከተለ ሰው ምክንያት አለው፤ ማንም አይጠይቀውም። በሳምንቱ ጎረቤቱ ጋሽ ኃይለማርያም ተከተሉት፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ ያኔ። ከዚያ ታዲዎስ፣ ከዚያ ፍሬአብ፣ ከዚያ ኢተፋ። አምስት ሰው፣ አምስት ውሻ። ታክሲ ውሻ ስለማይጭን ከካዛንቺስ በቀበና፣ በፈረንሳይ፣ በጉራራ አድርገው እስከ ጋራው ጫፍ በእግር ይወጣሉ።

የከተማ ውሻ ዕድሉ ሰንሰለት ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ለሌባ ይፈታል፤ ከግቢው በር ወዲያ ያለውን ዓለም በማሽተት ብቻ ነው የሚያውቀው። እንዲህ የከረመ ውሻ ጫፉ ላይ ደርሶ ገመዱ ሲፈታለት መጀመሪያ አይሮጥም። ይቆማል። አፍንጫውን ያነሣል። በአንድ ወገን አዲስ አበባ ጭሷን ለብሳ ተኝታለች፣ በሌላው ወገን የሱሉልታ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ውሻው የትኛውን እንደሚመርጥ የጨነቀው ይመስላል። ከዚያ እንደ ጥይት! አምስት ትልልቅ ሰዎች ቆመው እንደ ልጅ የሚስቁት ያኔ ነበር።

በጥቅምት ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ሰማዩ ግን የታጠበ ብርጭቆ ነው። በየካቲት አቧራው ውሾቹን ሁሉ አንድ መልክ ያደርጋቸዋል። በሐምሌ ጭጋጉ ሲወርድ ገመዱ ይታይሃል፣ ውሻው አይታይህም፤ ነጭ ነገር ውስጥ የገባ ገመድ ይዘህ ትሄዳለህ። በአንድ ሐምሌ አስመላሽ «እኔ ቀያሽ ነኝ፣ ዝም ብላችሁ ተከተሉኝ» ብሎ፣ ዝም ብለው ተከትለውት፣ ጉራራ እንወርዳለን ሲሉ ሱሉልታ ወረዱ። ማታ አጠና የጫነ አይሱዙ ላይ፣ አምስት ሰው ከአምስት ውሻ ጋር፣ ርሰው ካዛንቺስ ሲገቡ ሰፈሩ ወጥቶ ተቀበላቸው። አስመላሽ እስኪሞት ድረስ «ቀያሹ» ያሉት ቁጥር ይቆጣ ነበር።

ጫፉ ላይ አንዲት ኪዳነ ምሕረት አለች። ደጇን ሳይሳለሙ አይመለሱም። ውሻ ደግሞ ቅጥር አይገባም፤ ስለዚህ አንድ ሰው ውጭ ቀርቶ ገመዱን ይይዛል። ያ አንድ ሰው ሁልጊዜ ጋሽ ኃይለማርያም ነበሩ። በበረዶም፣ በፀሐይም፣ በጭጋግም። ከበሩ ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ ካለው ጥድ ሥር አምስት ገመድ ይዘው ይቆማሉ፤ አራቱ ተሳልመው፣ ጸበል ጠጥተው፣ ግንባራቸው ርሶ ሲወጡ እዚያው ያገኟቸዋል።

መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። በኋላ ግን ሰው ነውና ተረጎሙት። ልጃቸው ፋኑኤል ጴንጤ ልጅ አግብቶ ሰርጉ በዚያ በኩል ሲሆን ደግሞ ትርጉሙ ጸና። «ለካ እሳቸውም!» ተባባሉ። በክፋት አይደለም፤ በሹክሹክታ ነው። ወዲያው በዓመቱ አራቱ በኪዳነ ምሕረት ስም ጽዋ ማኅበር መሠረቱ፤ በወር በወር በዐሥራ ስድስት ቀን ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፣ የተቀበለ በተራው ደግሶ ያበላል፣ ያጠጣል። ታዲዎስን «ሙሴ» አደረጉት፤ የማኅበር አለቃ ሙሴ ይባላል። ያኔ «ጋሽ ኃይለማርያምንስ?» ብሎ የጠየቀ ራሱ ታዲዎስ ነበር።

«ተዉ፣ ሰውየውን አታሳቅቁ» አለ አስመላሽ። «እሺ ቢሉ ለሃይማኖታቸው ይጨንቃቸዋል። እምቢ ቢሉ ለእኛ ይጨንቃቸዋል።»

ሁሉም የአስመላሽን አስተዋይነት አደነቁ። ዐሥራ አንድ ዓመት፣ እሳቸው ባሉበት ስለ ማኅበሩ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ፣ በፍቅር፣ በይሉኝታ፣ ተጠንቅቀው ኖሩ።

ከዚያ ሚያዝያ ሃያ ሁለት መጣ። ታዲዎስ የሠራውን መኪና ለባለቤቱ ሊያስረክብ ኡራኤል ሄዶ፣ የወሩ በዓል ነውና ቅዳሴ ላይ ልድረስ ብሎ ገባ። እሱ የቂርቆስ ሰው ነው፤ ኡራኤልን አያዘወትርም። በጓሮ በኩል ጥግ ይዞ ቆመ። ቄሱ ሲሉ ሕዝቡ ይመልሳል፤ ከሚመልሰው ሕዝብ መሐል አንድ ድምፅ ጆሮውን ሳበው። ወፍራም፣ ትንሽ የተሰነጠቀ፣ ከሌላው ግማሽ ትንፋሽ የሚቀድም። ዐይኑን ጨፈነ። ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ጋራው ላይ «ቡላ! ነይ፣ ቡላ!» የሚለው ድምፅ ነው።

ዐይኑን ሲገልጥ አያቸው። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ መቋሚያ ተደግፈው፣ ከካህናቱ ኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆመዋል። ግእዙን ከመጽሐፍ አያዩም፤ በቃላቸው ነው።

ታዲዎስ እንደ ሌባ ሹልክ ብሎ ወጣ። በር ላይ ግን ወይዘሮ ሸዋአየሁ፣ የጋሽ ኃይለማርያም ባለቤት፣ ጧፍ ሲገዙ አገኙት።

«አንተ ታዴ! ኡራኤልን ታውቃታለህ እንዴ?»

«እትዬ... ጋሼ ውስጥ ናቸው?»

«የት ይሆናል ታዲያ? ሰፈሩ ፈርሶ ገላን ብንጣልም በሃያ ሁለት አይቀርም፣ በአውቶቡስ ተንጠልጥሎ ይመጣል። በልጅነቱ ዲያቆን እኮ ነበር፣ አገር ቤት።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አልነገራችሁም፣ አይደል? እናንተስ መች ጠየቃችሁት። የአስመላሽ ቤትና የእኛ ቤት ግድግዳው አንድ ነበር፤ የጽዋው ተራ የአስመላሽ ሲሆን ጋሼህ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ጸሎታችሁን ያዳምጣል። ቀስ ብሎ አሜን ይላል። እኔ እያየሁት። ለምን እንደተዋችሁት አልጠይቅህም፤ ነገርኩህ ብለህ እንዳትነግረው ብቻ አደራ።»

ይሄ ነው ሦስት ሳምንት ያላስተኛው።

አሁን የገላኑ አውቶቡስ አጥሩ ፊት ቆሞ ጋሽ ኃይለማርያም ወረዱ። ስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ከዘራ ይዘዋል፣ ያ አሮጌ አረንጓዴ ጃኬት ደረታቸው ላይ ሰፍቷል። ገላን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ሲደርሳቸው ቡላን ለታዲዎስ ነበር ትተውለት የሄዱት። ቡላ አልጮኸችም፣ አልዘለለችም። ቀጥ ብላ ሄዳ ጭንቅላቷን ጉልበታቸው መሐል ደፋች።

«ወፈርሽ እኮ» አሏት። «ታዴ፣ ምንድነው የምታበላት? እኔ ቤት እንዲህ አልነበረችም።»

«የጋራዡ ሠራተኞች ናቸው፣ ጋሼ። ምሳቸውን እያካፈሉ።»

«ጥሩ ነው። በስደት ያለ ሰው ሲወፍር ደስ ይላል» አሉና አጥሩን ቀና ብለው አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። «ዳቦ ቤቱ እዚህ ጋ ነበር» ብለው ከዘራቸውን ቆርቆሮው ላይ አስደገፉ።

ኤልዳድ ሩብ ሰዓት አርፍዶ ደረሰ። የፍሬአብ ልጅ ነው፤ ቡልጋሪያ ሞባይል ይጠግናል። አባቱን እግሩ ሲከዳው የቅዳሜውን ጉዞም ኮማንደር የሚባለውን ውሻም ወርሷል።

«አቦ ይቅርታ! አላርሙ ከዳኝ።»

«የሰው ስልክ እየጠገንክ የራስህ አላርም ይከዳሃል?» አሉ ጋሽ ኃይለማርያም።

«ጋሼ፣ የአናጢ ቤት ወንበር የለውም ይባል የለ? በቃ እንደዚያ ያዙልኝ።»

ተነሡ። ቀበና ድልድይ ላይ ታዲዎስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር...»

«ስለ ጉልበቴ ከሆነ አትጠይቀኝ። ሸዋ ከገላን ጀምራ ስትጠይቀኝ ነው የመጣችው፣ በስልክ።»

ተወው። ጉራራ ዳገቱ ላይ እንደገና ሊጀምር አሰበ፤ ዳገት ላይ ግን የሰውየው ትንፋሽ ለንግግር አይተርፍም። በየሃያ እርምጃው ይቆማሉ። ሲቆሙ «ይቺ ድንጋይ ኢተፋ ሲጋራ ያቆመባት ናት» ይላሉ፤ «እዚህ ጋ አስመላሽ ጅብ አየሁ ብሎ ከአህያ የሸሸበት» ይላሉ። ኤልዳድ ይስቃል። ታዲዎስም ይስቃል፤ ሆዱ ግን አይስቅም። ሰውየው ጋራውን እየተሰናበቱት እንደሆነ ገብቶታል።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ገመዱን ፈቱ። ዳኛውና ኮማንደር ተተኮሱ። ቡላ ጥቂት ሮጣ ቆመች፤ ዞራ አየቻቸው፤ ተመልሳ ከዘራቸው አጠገብ መራመድ ጀመረች። ፀሐይ ነበረች። ከባሕር ዛፉ ላይ ጤዛው ይተናል፣ ከታች ከተማዋ ታጉረመርማለች። ታዲዎስ «አሁን» አለ በልቡ።

«ጋሼ፣ ስለ ማኅበራችን...»

«ኧረ ኮማንደር! አንተ! ተው!» ኤልዳድ እየጮኸ ሮጠ። ውሻው ጥንቸል አስነሥቶ ገደል አፋፍ ደርሷል። ሦስቱም በየአቅማቸው ሮጡ፤ ኮማንደር ተይዞ፣ ተሰድቦ፣ ታስሮ ሲመለስ ሰማዩ መልኩን ቀይሮ ነበር። ከሱሉልታ በኩል ግራጫ ነገር እየተንከባለለ መጣ። ጭጋጉ መጀመሪያ ዛፎቹን፣ ቀጥሎ መንገዱን ዋጠ፤ ከዚያ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ በረዶ ወረደ። እንደ ሽንብራ ያለ በረዶ፤ ራስ ላይ ቋ! ቋ! ይላል።

«ግንቦት ላይ በረዶ!» አለ ኤልዳድ በጃኬቱ ተሸፍኖ። «ጋሼ፣ ጂኦግራፊ ምን ይላል?»

«ሩጥ ይላል።»

ሩጫ ከተባለ ሮጡ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለ። ዘበኛው ከዳሱ ሥር ተጠልሏል፣ የወሩ በዓል ነውና ነጠላ የለበሱ ሴቶችም በአጥሩ ጥግ ተደርድረዋል። ኤልዳድ የኮማንደርን ገመድ ሳያስብ፣ ልማድ ነውና፣ ለጋሽ ኃይለማርያም ዘረጋ።

«በሉ ጋሼ፣ ሥልጣንዎን ይረከቡ።»

ጋሽ ኃይለማርያም እጃቸውን ዘረጉ። ሳያስቡ ነው እሳቸውም። ታዲዎስ ገመዱን ከመሐል ነጠቀ።

«ዛሬ እኔ ነኝ» አለ። ከእጃቸው ላይ የቡላንም ገመድ ወሰደ። «ይግቡ፣ ጋሼ።»

አዩት። በረዶው ኮፍያቸው ላይ ይዘላል። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ በሩን ተሳልመው፣ ገቡ። ኤልዳድ ግራ ገብቶት ተከተላቸው።

ታዲዎስ ሦስት ገመድ ይዞ ቀረ።

«አንተ! ውሻ ይዘህ ደጅ ላይ ትቆማለህ እንዴ?» ዘበኛው ጮኸበት። «ወዲያ! ከጥዱ ሥር!»

ከጥዱ ሥር ሄደ። ጥዱ በረዶውን አያስጥልም፤ ሰብስቦ በትልልቁ ነው የሚያወርደው። ውሾቹ ተራገፉበት፤ ሱሪው ጭቃ ሆነ። የረጠበው ገመድ መዳፉን ቆረጠው፤ ዳኛው ወዲያ ይስባል፣ ኮማንደር ወዲህ። አንዲት ሴት እያለፉ ነጠላቸውን ከውሾቹ ሰብስበው በሩቁ ዞሩ፤ አያፍሩበትም፣ ልክም ናቸው፣ ግን ታዲዎስ ፊቱ ጋለ። ዐሥራ ሰባት ዓመት እዚህ ቆሞ የማያውቅ ሰው ነው። ከዚህ ምን እንደሚታይ፣ ምን እንደሚሰማ አያውቅም ነበር።

ዐይኑን ጨፈነ። ከውስጥ የሚመጣው ድምፅ ግማሹን ነፋሱ ይወስደዋል፣ ግማሹ ይደርሳል። ጥቂት ሲቆይ ነፋሱ የወሰደውን ጆሮው ራሱ ይሞላው ጀመር። «አቤቱ» አለ፤ «ደንቆሮ ነበርኩ።» ሌላ ጸሎት አልመጣለትም።

እነሱ ሁልጊዜ ዐሥር ደቂቃ ነበር የሚቆዩት። ዛሬ ዐሥር ደቂቃው አለፈ፤ ሃያው አለፈ፤ በረዶው ቆሞ ፀሐይ ወጣች፣ መሬቱ ነጭ ሆኖ ማንጸባረቅ ጀመረ። ቆሞ አንድ ሰዓት ግድም ሲሞላው ኤልዳድ በበሩ እየሮጠ ወጣ፣ ዐይኑ ፈጦ።

«ጋሼ ታዴ! ኧረ ጉድ ነው! ሰውየው ዳዊቱን በቃላቸው ነው የሚደግሙት! ቄሱ ራሱ ቆሞ ሰማቸው እኮ! ጴንጤ ናቸው አላላችሁም እንዴ?»

ጋሽ ኃይለማርያም ከኋላው ቆመው ነበር።

«ማነው ጴንጤ?» አሉ።

ኤልዳድ ደነገጠ። «እኔ... ማለቴ... ኮማንደር ውሃ ጠምቶታል» ብሎ ውሻውን ጎትቶ ሄደ። ያ ሁሉ በረዶ መሬት ላይ ተነጥፎ!

ጋሽ ኃይለማርያም ከጥዱ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ታዲዎስ ቆሞ ቀረ። ሦስት ሳምንት ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ቀን ከመኪና ሥር ተኝቶ ሳይቀር ሲደጋግመው የከረመ ንግግር። ከመሐሉ ጀመረ።

«ጋሼ፣ በር ላይ ሲቀሩ እያየን... የፋኑኤል ሰርግ ደግሞ...»

«የፋኑኤል ሰርግ ምን ሆነ?»

«በዚያ በኩል ስለነበር እርስዎም አብረው የሄዱ መሰለን። ለማኅበር ብንጠራዎ ማሳቀቅ መሰለን። በቃ፣ ለእርስዎ አዝነን ነው የተውንዎ። ሙሴው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ኡራኤል ቆመው አየሁዎት፤ ከዚያ ወዲህ እህል አይበላልኝም።»

ሰውየው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከጥዱ ላይ የቀለጠው በረዶ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«እኔ ደግሞ» አሉ፣ «ልጁን ለሌላ የዳረ ብላችሁ የጣላችሁኝ መስሎኝ ነበር። ፋኑኤል ደግ ልጅ ነው፣ ምራቴም ደግ ልጅ ናት፤ በነሱ አላፍርም። እናንተ ያፈራችሁብኝ ግን መሰለኝ። ምን ልበል? ማኅበር ጥሩኝ ተብሎ ይለመናል?»

«ታዲያ ለምን ነበር የማይገቡት?»

«ማን አልገባም አለህ!» በከዘራቸው መሬቱን መቱ። ቡላ ጆሮዋን አቆመች። «የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይልሃል? የአስመላሽ ውሻ የዘበኛውን ካፖርት ነከሰ። እኔ ስቆጣው ለቀቀ። 'ጋሼን ይሰማሉ፣ እሳቸው ይያዙልን' ብላችሁ አምስቱንም ገመድ እጄ ላይ ጣላችሁና ገባችሁ። እሺ አልኩ። በሁለተኛው ቅዳሜ አንዱ ይቀበለኛል ብዬ ጠበቅሁ። በሦስተኛውም ጠበቅሁ። በአራተኛው፣ ይቺ ድርሻዬ ናት አልኩ። ገመድ ይዞም ይጸለያል።» ጃኬታቸውን ሰብሰብ አደረጉና «ይበርዳል እንጂ» አሉ።

ታዲዎስ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሞከረ።

«ጉልበቴን ተወው! የታመመ ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ። ጽዋው እኔ ቤት ነው ያለው። ሰፈሩ ከተበተነ ወዲህ ማንም አልተቀበለውም። እርስዎ ካልወሰዱት ማኅበሩ እዚህ ላይ አለቀ።»

«አሁን እሺ ብልህ ለአፍ ነው» አሉ። «የመከራችሁብኝ አራት ሆናችሁ ነው። አንዱ መጥቶ በጓሮ ይቅርታ ቢለኝ ምን ይሆንልኛል? ስልክህን አውጣ። ለሁሉም ደውል። እኔ እየሰማሁ ንገራቸው።»

ታዲዎስ ስልኩን አወጣ። ኔትዎርኩ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይሄዳል። መጀመሪያ ለኢተፋ ደወለ። ኢተፋ ቤት ደርሶት አራብሳ ገብቷል፤ ሲያነሣ አውቶቡስ ውስጥ ነበር፣ ጫጫታው አያሰማም።

«ኢተፋ፣ ስለ ጋሽ ኃይለማርያም ነው...»

«ምን? ሞቱ?»

«ኧረ አልሞቱም! ተሳስተን ነበር፤ እሳቸው እኮ...»

«አይሰማም! ምን ሆኑ?»

«ጴንጤ አይደሉም!» ታዲዎስ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ። «ጋሽ ኃይለማርያም ጴንጤ አይደሉም!»

ዘበኛው ከዳሱ ብቅ አለ። ሴቶቹ ዞረው አዩ። ጋሽ ኃይለማርያም ከድንጋዩ ላይ ሆነው ለሴቶቹ በአክብሮት አንገታቸውን ዝቅ አደረጉላቸው፣ ምስክርነቱን እንደተቀበለ ሰው።

ፍሬአብ ቀጥሎ ነበር። ሁሉንም ሰምቶ «እኔ እኮ ያኔውኑ ብያችሁ ነበር» አለ። ምንም አላለም ነበር። ታዲዎስ ሊቆጣ ሲል ከወዲያ የፍሬአብ ድምፅ ተሰበረ። «ጋሼ እዚያ አሉ? እግሬን ብችል ነበር...» ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ፤ ኔትዎርክ ይሁን ሌላ አልታወቀም።

በመጨረሻ መብርሂት፣ የአስመላሽ ባለቤት፤ ባሏ ካረፈ ወዲህ የእሱን ቦታ የያዘች። ካዛንቺስ ሲነሣ ጀሞ ቤት ደርሷታል። ታዲዎስ ለእሷ መናገሩ ከሁሉም ከበደው፤ ያን ምክር የመከረው ባሏ ነውና። አስመላሽን ሳይወቅስ «ሁላችንም» እያለ ተናገረ።

«ሙሴ» አለች። «አስመላሽን አፈር ይቅለለውና፣ ለደግ ብሎ ነበር። አሁን ታዲያ ምን ይሁን? የሰኔው ባለ ተራ ማነው? ሰባት ወር ሆነን እኮ ሳንገናኝ።»

ታዲዎስ ጋሽ ኃይለማርያምን አያቸው። እጃቸውን ዘረጉ። ስልኩን ሰጣቸው።

«መብርሂት፣ እኔ ነኝ» አሉ። «ደህና ነሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እግዚአብሔር ይመስገን። ባለ ተራው እኔ ነኝ... አዎ፣ የሰኔው። አታልቅሺ፣ ተይ። ሰኔ ዐሥራ ስድስት ሰኞ ነው፣ ማታ ከሥራ በኋላ ይሁን። ያኔ ጾም ይሆናል፣ ወጡ የጾም ነው፤ ሸዋ ታውቅበታለች። ስሚ፣ ከጀሞ ቃሊቲ የሚል ታክሲ ትይዣለሽ። አደባባዩ ጋ ትወርጃለሽ። ከዚያ ገላን የሚል አውቶቡስ አለ፤ እንዳትጋፊ፣ ይሞላል፣ ቀጣዩን ጠብቂ። ስትወርጂ ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ናቸው፤ እኔም መጀመሪያ ሁለቴ የሰው በር አንኳኩቻለሁ። ቢጫ ቀለም የተቀባ ጸጉር ቤት ታያለሽ፣ ከእሱ በስተ ግራ ነው... አይ፣ ቆይ፣ ከአውቶቡስ ስትወርጂ በስተ ቀኝ ይሆናል። ሦስተኛ ፎቅ። ደረጃው መብራት የለውም፤ እኔ ታች ወርጄ እጠብቅሻለሁ።»